ለሞተር ሳይክል የሚያዝ ጎማ መንፊያ፦ 150 ፒኤስአይ የሚለውን ቁጥር ትተው ምን ይመልከቱ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂያችን ቲዩብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ያለው ሞተር ሳይክል ይነዳሉ፤ የኋላ ጎማቸው 140/70-17 ነው። ለረጅም መንገድ የሚይዙት ጎማ መንፊያ ለመግዛት ሲያማርጡ ሦስት ዓይነት አግኝተዋል፦ በእጅ የሚጨበጥ ባለ ቻርጅ ፓምፕ፣ በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር፣ እና ባለ 16 ግራም ትንንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሮች። «ፓምፖቹ ሁሉም ላይ 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ተጽፏል፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? የሞተሬን ባትሪስ አይጨርሱብኝም?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሱን ላስቀድም። ለዚህ ጎማና ለረጅም መንገድ ቀዳሚው ምርጫ ከ10 አምፔር በላይ የማይስብ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ነው፤ ያውም በሶኬት ሳይሆን ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ በኩል በወጣ ሽቦ የሚሠራ። ባለ ቻርጁ ለከተማ ውስጥ ጉዞና የራሱ ባትሪ ደካማ ለሆነ ትንሽ ሞተር ይሻላል። ጋዙ መጠባበቂያ ከመሆን አያልፍም።

150 ፒኤስአይ የሚለውን ከናካቴው ይርሱት። የመንገድ ሞተር ሳይክል ጎማ በአብዛኛው የሚሠራው ከ25 እስከ 42 ፒኤስአይ ባለው ግፊት ነው። ፓምፑ 150 ይደርሳል ማለት ፒስተኑ መውጫው ተዘግቶበት ያን ያህል መግፋት ይችላል ማለት ብቻ ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚያስገባ አይናገርም። ጎማ የሚሞላው ደግሞ በሊትሩ ነው። እንዲያውም ፒስተኑ ትንሽ የሆነ ፓምፕ ከፍተኛ ግፊት ላይ ለመድረስ ይቀለዋል፤ አየር በመስጠት ግን ይዘገያል። ለብስክሌት ቀጭን ጎማ የተሠራ ፓምፕ ትልቅ ቁጥር ለጥፎ የሞተር ጎማ ላይ ሲለፋ የሚውለው ለዚህ ነው።

ስሌቱን በሊትር እንሥራው። የእርስዎ የኋላ ጎማ ውስጡ በግምት 14 ሊትር ይይዛል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ 33 ፒኤስአይ ማለት 2.3 ባር ያህል ነው። ባዶውን ጎማ እዚያ ለማድረስ 14 በ2.3 ተባዝቶ 32 ሊትር ገደማ የውጭ አየር መግባት አለበት። ሣጥኑ ላይ «በደቂቃ 12 ሊትር» ከተባለ፣ ያ የተለካው ምንም የሚመልስ ግፊት በሌለበት ነው። ጎማው 20፣ ከዚያም 30 ፒኤስአይ እየሆነ ሲሄድ ፍሰቱ ይወርዳል፤ በአማካይ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛውን ካገኙ ጥሩ ነው። ስለዚህ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 180/55-17 ጎማ ላለው ትልቅ ሞተር ግን የጎማው ሆድ 18 ሊትር ያህል፣ የሚፈለገው ግፊትም እስከ 42 ስለሚሆን ያው ፓምፕ 6 ወይም 7 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

አንዳንድ ሻጮች ሊትሩን አይጽፉም፤ «የመኪና ጎማ ከ30 ወደ 36 በ1 ደቂቃ» ብለው ያልፉታል። እሱንም መፍታት ይቻላል። የመኪና ጎማ 35 ሊትር ይይዛል ብንል፣ የ6 ፒኤስአይ ጭማሪ 0.41 ባር ስለሆነ የገባው አየር 14 ሊትር ተኩል ያህል ነው። በዚያ ግፊት ላይ ይህን በደቂቃ የሚሰጥ ፓምፕ ለሞተር ከበቂ በላይ ነው። ማስታወቂያው ግን ከ0 ሳይሆን ከ30 መነሣቱን ልብ ይበሉ፤ መንገድ ላይ የሚገጥምዎት ባዶ ጎማ ነው።

የደቂቃው ጉዳይ የትዕግሥት ብቻ አይደለም። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ሙቀቱ በፓምፑ ሲሊንደር ራስና ቱቦው በሚያያዝበት ናስ ላይ ይከማቻል። የትንንሾቹ መመሪያ «10 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ይረፍ» ዓይነት ገደብ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ የባለ ቻርጆቹ ገደብ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ገደቡ ሲጣስ የፒስተኑ ቀለበት ይጎዳል፤ ፓምፑ እንደ ወትሮው ይጮኻል፣ አየር ግን አይሰጥም። ስለዚህ አንዱን ጎማዎን ከባዶ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ከተፈቀደው የሥራ ጊዜ ማነስ አለበት። ጎማዎ 7 ደቂቃ የሚፈልግ ሆኖ ፓምፑ 5 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድለት ከሆነ ለእርስዎ አልተሠራም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመኪና የተሠራ ኮምፕሬሰር ከ10 እስከ 15 አምፔር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይስባል። ሞተር ላይ የሚገጠመው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ፊውዝ ግን ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 አምፔር ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ሞተሮች ደግሞ ፊውዙን ሳያቃጥሉ በኮምፒውተራቸው ሶኬቱን ይዘጉታል። ፓምፑ ሲነሣ ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ስለሚስብ፣ «8 አምፔር» የተባለውም 7.5 ፊውዝ ላይ አይቆምም። የዩኤስቢ ሶኬትማ ከነጭራሹ አይታሰብም፤ 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ብቻ ነው፣ ፓምፑ የሚፈልገው 80 እና 100 ዋት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከባትሪው ሁለት ሽቦ ያውጡ፤ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም 2.5 ይሁን። በፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው ጫፍ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ የ15 አምፔር ፊውዝ ይግባ። የሽቦው ጫፍ ከወንበሩ ሥር ወጥቶ ክዳን ባለው ባለ ሁለት እግር ማገናኛ ያልቃል። ቀጭን ሽቦ አይጠቀሙ፤ ደርሶ መልሱ 3 ሜትር የሆነ የ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 አምፔር 1 ቮልት ያህል ይበላል፤ ፓምፑ ይንቀራፈፋል፣ ሽቦውም ይግላል። የባትሪ መሙያ ቻርጀር ቋሚ ገመድ አስቀድሞ የተገጠመበት ሞተር ከሆነ ፊውዙን ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ 7.5 ናቸው። ሽቦው ሳይወፍር ፊውዙን ብቻ ማሳደግ ግን እሳት መጋበዝ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ጠፍጣፋ ባለ ሁለት እግር ማገናኛዎች ከአምራች አምራች ፖዘቲቭና ኔጋቲቫቸው ሊገለበጥ ይችላል። ተራው ኮምፕሬሰር ቢገለበጥበት የፓምፑ ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ ፒስተኑ ያው መውጣትና መውረዱን አይተውም፤ ዲጂታል ሰሌዳ ያለው ግን መከላከያ ከሌለው እዚያው ይቃጠላል። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት በመልቲሜትር ይፈትሹ።

ባትሪዬን ይጨርሳል ወይ ላሉት፦ ፓምፑ 8 አምፔር ቢስብና 4 ደቂቃ ቢሠራ የወሰደው ከ0.6 አምፔር ሰዓት ያነሰ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሞተር ባትሪ 6 ወይም 8 አምፔር ሰዓት ነው፤ አንድ አሥረኛው እንኳ አልተነካም። ባትሪው አርጅቶ ከሆነ ወይም ሁለቱንም ጎማ የሚሞሉ ከሆነ ሞተሩን ፍሪ ላይ አስነሥተው ይሥሩ፤ ሲሠራ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚጠጋ ፓምፑም ይፈጥናል። ይህን የሚያደርጉት ግን አየር በሚዘዋወርበት ደጅ ላይ እንጂ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደለም።

ባለ ቻርጁን ስንመዝን የሚታየው ሚሊ አምፔር ሰዓት ሳይሆን ዋት ሰዓት ነው። ሁለት ባለ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 7.4 ቮልት ሲሰጡ ጉልበታቸው 14.8 ዋት ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ሻጭ ይህንኑ «4000» ብሎ ይጽፈዋል። 70 ዋት የሚበላ ፓምፕ በ4 ደቂቃ 5 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ በአዲስነቱ ሁለት ጊዜ፣ አጥብቆ ከሄደ ሦስት ጊዜ ከባዶ ይሞላል። ብርድ ላይና ባትሪው ሲያረጅ ይህ ይቀንሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሽቦ የለውም፣ የትኛውም ሞተር ላይ ይሠራል፣ የሌላም ሰው ጎማ ይነፋበታል። ድካሙ ደግሞ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ለወራት ሣጥን ውስጥ የተረሳ ፓምፕ ምን ያህል ቻርጅ እንደቀረው ማንም አያስታውስም። ይህን ከመረጡ በየሦስት ወሩ ይፈትሹት፤ ፀሐይ በሚመታው ጥቁር ሣጥን ውስጥም አይተዉት፣ ሊቲየም ባትሪን እንደ ሙቀት የሚገድለው የለም።

ከጉልበቱ እኩል የሚታየው የቱቦው አፍ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሞተርዎ ዘንድ ሄደው ጎንበስ ብለው ቫልቮውን ይመልከቱ። ከኋላ በአንድ ወገን የካቴና ጥርስ፣ በሌላው የፍሬን ዲስክ አለ፤ ከፊትም አንድ ወይም ሁለት ዲስክ አለ። ከቫልቮው ጫፍ እስከ ቸርኬው መሃል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። ቀጥ ያለ ቫልቮ ላይ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ቱቦ በቀጥታ ቫልቮ ላይ የሚሰካ ፓምፕ ጨርሶ አይገባም። ቢገባም ክብደቱ በቫልቮው ላይ ይንጠለጠላል፤ የላስቲክ ቫልቮ ከሆነ እየተንቀጠቀጠ ከሥሩ ይሰነጥቀዋል። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር የሚተጣጠፍ ቱቦ ይኑረው። የ90 ዲግሪ ማጠፊያ ናስ መያዝም ይረዳል፤ ግን ከተነፋ በኋላ ይነቀላል፣ ቫልቮው ላይ እንዳለ ከተነዳ ጎማው ሲሽከረከር ወደ ውጭ ስለሚጎትት ቫልቮውን ያጣምማል።

አፉ ሁለት ዓይነት ነው። በጥርስ የሚጠመዘዘው አጥብቆ ይይዛል፣ ጠባብ ቦታም ይገባል፤ ሲፈታ ግን አንድ ሁለት ፒኤስአይ ያፈስሳል፣ ከሥራ በኋላም ናሱ ጣት ያቃጥላል። በማንሻ የሚቆለፈው ፈጣን ነው፤ ማንሻው ለመነሣት ቦታ ይፈልጋል፣ አፉ ውስጥ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ሲያልቅም ይንሸራተታል። ለሞተር የሚጠመዘዘው ይመረጣል። ሲፈቱት ፈጥነው ነው፤ ቀስ ባሉ ቁጥር የሚያፈስሰው ይበዛል።

የፓምፑን መለኪያ እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ፓምፑ እየሠራ ሳለ የሚታየው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሆነ ከጎማው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ሲቆም ነው እውነቱ የሚታየው። ሲያቆሙት ከ33 ወደ 31 ከወረደ የፈሰሰ ነገር ላይኖር ይችላል። ራሱን የሚያጠፋ ፓምፕ ከሆነም ከሚፈልጉት 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ከፍ አድርገው ይሙሉት። ለብቻው የሚያዝ የእጅ መለኪያ ይግዙ፤ በቀዝቃዛ ጎማ ላይ ሁለቱን አስተያይተው ልዩነቱን በማይለቅ ቀለም ፓምፑ ላይ ይጻፉት። በሞተሩ መመሪያ የተሰጠው ቁጥርም ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ሲነዱበት የነበረ ጎማ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል፤ መንገድ ላይ በሙቅ ጎማ 33 ካስገቡ በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ያገኙታል፣ ያኔ ያስተካክሉት።

ጋዙን በቁጥር እንየው። 16 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቀቅ 8.7 ሊትር ገደማ ይሆናል። በእርስዎ ባለ 14 ሊትር ጎማ ያ 9 ፒኤስአይ ነው። ቀስ ብሎ ለመንዳት የሚያበቃ 20 ለማግኘት ሦስት፣ 33 ለመድረስ አራት ያስፈልጋሉ፤ አንዷ አያያዙ ተበላሽቶ ብትባክን መተኪያ የላትም። የተደፈነው ቀዳዳ ዳግመኛ ካፈሰሰም ጋዙ አልቋል። ሲለቀቅ በረዶ እስኪሠራ ስለሚቀዘቅዝ ጓንት ይልበሱ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጎማው ሥጋ ውስጥ ከአየር ፈጥኖ ስለሚያልፍም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አስወጥተው በአየር ይተኩት። ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር አልነፍገውም፤ ድንገተኛ የአየር ውርወራ በሚፈለግበት ጊዜ ትንሽ ኮምፕሬሰር የማይችለውን ያደርጋል።

ያ ጊዜ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ሲለቅ ነው። ቲዩብለስ ጎማ አየር ሳይኖረው ከተነዳ ጠርዙ ወደ ቸርኬው መሃል ይገባል፤ ፓምፑ የሚልከው አየር ሁሉ በጎን ይወጣል። ምልክቱ መለኪያው 0 ወይም 2 ላይ ደርቆ መቅረቱና በጠርዙ ዙሪያ ሲፍ ሲፍ የሚል ድምፅ መሰማቱ ነው። ሁለቱን ጠርዞች በሳሙና ውኃ ያርጥቡ፤ የሻንጣ ማሰሪያ ቀበቶ በጎማው መሬት ረጋጭ ዙሪያ አዙረው ጥብቅ ያድርጉት፤ መሃሉ ሲጫን ጎኖቹ ወደ ቸርኬው ይከፈታሉ። ከቫልቮው ውስጥ ያለችውን መዝጊያ በመፍቻዋ አውጥተው ቢነፉ አየሩ በሰፊው ይገባል፤ ጠርዙ «ጧ» ብሎ ሲቀመጥ መዝጊያዋን መልሰው እንደገና ይሙሉ። ጠርዙ እምቢ ሲል ግፊት እየጨመሩ አይሟገቱ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት አይለፉ። ተቀጣጣይ ስፕሬይ ረጭቶ ክብሪት መጫር የሚሉትን ዘዴ ይተዉት።

ተቃራኒ ምልክትም አለ። ፓምፑን እንዳስነሡ ቁጥሩ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደ 40 እና 50 ከተተኮሰ ጎማው ሞልቶ አይደለም፤ የቱቦው አፍ በቂ ስላልገባ የቫልቮውን መርፌ አልተጫነም፣ ፓምፑ የተዘጋ በር ነው የሚገፋው። ወዲያው ያጥፉት፣ አፉን ፈትተው እስከ መጨረሻው ያጥብቁ። ይህን ሳያውቁ ፓምፑን የሚያቃጥሉ አሉ።

ፓምፕ ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም። ለቲዩብለስ የገመድ ዓይነት መድፈኛ፣ መሰርሰሪያና ማስገቢያ መርፌው፣ ማስቲሽ፣ ፒንሳና ምላጭ አብረው ይኑሩ። ሚስማሩን ሲያዩ ለመንቀል አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ንፉበት፤ በ10 ደቂቃ 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ብቻ ከወረደ ሚስማሩ ራሱ ደፍኖ ይዟል ማለት ነው፣ እየሞሉ በዝግታ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ መድረስ ይቻላል። መንቀል ግድ ከሆነ ዕቃው ሁሉ ተዘርግቶ ማስቲሹ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ይንቀሉት፤ የገባበትን አቅጣጫ አይተው በዚያው ይሰርስሩ። ገመዱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ እስኪቀር ድረስ አስገብተው መርፌውን በአንዴ ይሳቡ፤ ከተነፋ በኋላ ምራቅ ወይም ሳሙና ቀብተው አረፋ መኖሩን ይዩ፤ የተረፈውን ከጎማው እኩል ይቁረጡ። የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን ፓምፑም ገመዱም አያድኑም፤ ሞተሩ በመኪና ይጫናል።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ሆኖ ከመነዳሪ ያለው ሞተር ለሚነዱ ሌሎች አንባቢዎች፦ ይህ መድፈኛ ለእናንተ አይሆንም። ጎማ ማውለቂያ፣ ትርፍ ከመነዳሪ ወይም መለጠፊያ ያስፈልጋችኋል። ፓምፕን በተመለከተ ግን ሥራው ይቀላል፤ ከመነዳሪው አየሩን ራሱ ስለሚይዝ ጠርዙ ቢለቅም ትንሹ ፓምፕ ይበቃል።

የእጅ ፓምፕስ? በአንድ ግፊት 100 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ከሆነ የእርስዎን ጎማ 20 ፒኤስአይ ለማድረስ ወደ 200 ጊዜ መግፋት ነው፤ ያደክማል፣ ግን ይቻላል። የብስክሌቷ ትንሿ 50 ሚሊ ሊትር የምትሰጠው ግን እጥፉን ትጠይቃለች፤ እሷን ለከባድ ጎማ አልመክርም።

ሲገዙ ሁለቱን ባለ 12 ቮልቶች ጎን ለጎን ካገኙ፣ ዲጂታል ከሆነውና ከተራው መካከል ተራውን እመርጣለሁ፤ ንዝረትና ዝናብ የሚጎዳው ሰሌዳውን ነው፣ ግፊቱን ደግሞ በእጅ መለኪያው ያገኙታል። መብራት ያለው ቢሆን ማታ ቫልቮ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጭ ያሉት ጌጦች ዋጋ ከመጨመር በቀር የሚሰጡት የለም። ፓምፑን በጨርቅ ጠቅልለው ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያስገቡ፤ ቱቦውን በሹል እጥፋት አያጥፉት፣ የሚቀደደው ከአፉ ሥር ነው። ትርፍ ፊውዝ ሁለት፣ ትርፍ የቫልቮ መዝጊያ አንድ፣ የመዝጊያ መፍቻዋም እዚያው ትቀመጥ።

ከዚያ ጉዞ ሳይጀምሩ ቤት ይሞክሩት። የኋላውን ጎማ ወደ 10 ፒኤስአይ አውርደው፣ ከያዙት ዕቃ ውጭ ምንም ሳይጠቀሙ መልሰው ወደ 33 ያድርሱት። ሰዓት ይያዙ፤ 23 ፒኤስአይ ለመጨመር 3 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ የሽቦውን ማያያዣዎች፣ የቱቦውን አፍና የባትሪውን ቮልት ይፈትሹ፤ ሁሉም ደህና ከሆኑ ፓምፑን መመለስ ከሚቻልበት ቀን በፊት ይመልሱት።